ሁለተኛዋ ጧፍ

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና ገበያ ዳር ካለች አንዲት የስልክ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የስልኬን ፊት መስታወት ሳስለጥፍ፣ ባለሱቋ ልጅ ስልኩን ገልብጣ ጀርባውን አየችና «እማማ፣ ለካሜራውስ መስታወት አይደረግለትም?» አለችኝ። «ደግሞ ካሜራውም ይለብሳል?» ብላት፣ «ካልተደረገለት ይቧጨራል፤ ኋላ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ይሆንብዎታል» ብላ ከጥፍር የማትበልጥ መስታወት በጣቷ ጫፍ አንስታ አሳየችኝ። ሳቄ መጣ። ሳቅሁ ሳቅሁና መጨረሻው ዕንባ ሆነብኝ። ልጅቷ ደንግጣ «ክፉ ነገር ተናገርሁ እንዴ?» አለች። የለም ልጄ፣ ምንም አልተናገርሽም። አንቺ በዋዛ የጠየቅሽኝን ነገር ሁለት ወንዶች በእኔ ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጨቃጭቀውበታል፤ አንደኛው ባሌ፣ አንደኛው ወንድሜ። እኔ ከመሀል ሆኜ የሁለቱንም ስሰማ ነው ያረጀሁት። «ቆይ ላስብበት» ብያት ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ የሄድሁበትን መንገድ አላየሁትም።

ባሌ ዓለማየሁ ፎቶ አንሺ ነበር። ፎቶ ቤታችን ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊና ከአንዲት ሻይ ቤት መካከል ነበረች። ዛሬ እዚያ ላይ ፎቅ ቆሞበታል፤ ምድር ቤቱ ባንክ ነው። የእኛዋ በሯ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ውስጧ ጠባብ፣ ከበስተኋላ ባሕርና ድልድይ፣ ከድልድዩ በላይ አውሮፕላን የተሳለበት አቡጀዲ የተሰቀለባት ቤት ነበረች። ባሕሩ ላይ ያለው ዳክዬ ከአውሮፕላኑ ይበልጥ ነበር፤ ማንም አልታዘበንም። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት ይንጠለጠላሉ። ወንድ ደንበኛ ሁሉ እሱን ለብሶ ነው የሚነሳው። ወፍራም ሲመጣ ቁልፉን ካልቆለፍሁ ብዬ አልታገልም፤ ቀጭን ሲመጣ ደግሞ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እሰበስብለታለሁ። ስለዚህ ያን ጊዜ በእኛ ቤት የተነሳ ገበሬም፣ አስተማሪም፣ ነጋዴም ባንድ ኮት ነው ያለው። ልጆቻቸው ዛሬ ያንን ፎቶ በስልክ እየለጠፉ «አባባ እንዴት ያለ ዘናጭ ነበር» ሲሉ አያለሁ። እኔ ኮቱን አየውና ዝም እላለሁ።

ሴቶቹ ግን በገዛ ልብሳቸው ነበር የሚነሱት። ጥልፍ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ አዲስ የተሠራ ሹሩባ፣ ቅቤው ገና ግንባራቸው ላይ ያልደረቀ። ቅቤ ፎቶ ላይ ያብረቀርቃል፤ እኔ በንጹሕ ጨርቅ ግንባራቸውን እጠርጋለሁ፣ እነሱ ይቆጡኛል። «ምነው ስንዱ፣ ለፍቼ የተቀባሁትን» ይሉኛል። ከግድግዳው ማዶ የሻይ ቤቱ ራዲዮ ይዘፍናል፤ ዓለማየሁ የሚወደው ዘፈን የመጣ እንደሆነ ደንበኛውን አቁሞ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሻዩ ያኔ በስሙኒ ነበር፤ አሁን ስሙኒ ራሱን ያየ ልጅ የለም። ያን የመሰለ ችኮላ የማያውቅ ሰው አላየሁም። ደንበኛው ሲሰለቸው ፊቱ ወደ ራሱ ፊት ይመለሳል፣ ያኔ ነው የማነሳው ይል ነበር።

ታደለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሙያውን ያስተማረው ዓለማየሁ ነው፤ ጥርሱን የነቀለው በእኛ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ኋላ ክንፍ ሲያወጣ ሞጣ ሄዶ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ሞጣ ገንዘብ የሚንቀሳቀስባት ከተማ ናትና ቀናው። ግን ለበዓል ለበዓል በአውቶቡስ ደብረ ወርቅን አቋርጦ ይመጣል፤ ይመጣና ገና ጫማውን ሳያወልቅ ከዓለማየሁ ጋር ይጀምራሉ። የሚጨቃጨቁት ሌንስ ፊት ስለሚጠመዘዝ አንድ ንጹሕ መስታወት ነው። ፊልተር ይሉታል። ቀለም የለው፣ ምን የለው፣ ሌንሱን ከመጫር የሚጠብቅ ብቻ ነው።

ዓለማየሁ ያንን መስታወት ያመጣው ያለ ነገር አልነበረም። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከነበቅሎው ሊያነሳ ዝቅ ብሎ ሲጠጋ፣ በቅሎዋ አንገቷን ዘርጋ አድርጋ ሌንሱን ላሰችው። መላሷስ በተጠረገ፤ ልጓሟ ነው የጨረሰው፣ ሌንሱን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። ሠርገኛው በሳቅ ሞተ፣ ዓለማየሁ ሊያለቅስ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሌንስ ሲገዛ መስታወቱን አብሮ አስመጣና ጠመዘዘበት፤ ሲተኛም ሲነሳም አላወለቀውም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል።

ታደለ ይህንን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። «ጋሼ፣ ሌንሱን የሠራው ሰው ሞኝ ነው? ተጨማሪ መስታወት የሚያስፈልገው ቢሆን ራሱ ያደርግበት ነበር።»

«የሠራው ሰው የቢቸናን አቧራ አላየማ።»

«አቧራው ይጠረጋል። ብርሃን ግን እንግዳ ነው ጋሼ፣ በር ላይ ቁም እያሉ አይፈትሹትም።»

«የአንተን ሌንስ በቅሎ አልላሰችውም፤ ስለዚህ ትፈላሰፋለህ» ይለዋል ዓለማየሁ። እኔ ራት አቀርብና «ብሉ፣ መስታወቱ አይበላም» እላቸዋለሁ። ይበላሉ፤ አፋቸው ሞልቶም ይቀጥላሉ። ዛሬ ያ ጭቅጭቅ ቤቴ ውስጥ ቢሰማ ምን በሰጠሁ። ዓለማየሁ አፈር ከቀመሰ ቆየ፤ ታደለም ሽበታም ሆኖ ሞጣ ተቀምጧል፣ ሥራውን ለልጁ ለቆለታል።

ከጓሯችን በስተጀርባ እትዬ ያልጋነሽ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ጧፍ ማዘጋጀት ነው። ጥጡን ፈትለው፣ ሰሙን አቅልጠው፣ ክሩን እየነከሩ እየጎተቱ ያወጡታል፤ የደብራችን ጧፍ በአብዛኛው ከእሳቸው እጅ ይወጣ ነበር። እጃቸው ሁልጊዜ የሰም ሽታ አለው። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ ልሳነወርቅ የሚባል ዲያቆን። ደብረ ወርቅ ሄዶ ቅኔ ሲማር ዓመታት ቆይቶ መጣ፤ መጥቶም በደብራችን ንግሥ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅኔ ሊቀኝ ሆነ። እናቱ ከሳምንት በፊት ጀምረው እንቅልፍ አጡ። ዓለማየሁን «አደራ፣ ቆሞ ሳለ አንሣልኝ» አሉት።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ላይ ገና ድንግዝግዝ ነው። ልሳነወርቅ ነጭ ሸማውን ተላብሶ፣ እናቱ የሠሩትን ጧፍ በቀኝ እጁ ይዞ ቆመ። ዓለማየሁ ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሞ «ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለው። ልጁ «እስትንፋሴንም ልያዝ ጋሼ?» ብሎ ፈገግ አለ። ያችኑ ፈገግታ ይዞ ተነሣ። ቅኔውንም ተቀኘ፤ ሊቃውንቱ «ይበል» ሲሉት እትዬ ያልጋነሽ ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ፎቶው ታጥቦ ገመድ ላይ ሲደርቅ፣ ለንግሡ የመጣው ታደለ ጠጋ ብሎ አየው። ከልሳነወርቅ ግራ ትከሻ ከፍ ብላ፣ ከራሱ አጠገብ፣ አየር ላይ ትንሽዬ ነበልባል አለች። «ጋሼ፣ ይህች ሁለተኛዋ ጧፍ የእርስዎ መስታወት ሥራ ናት» አለ ታደለ። «እጁ ላይ ያለው እሳት ሌንሱን መትቶ ተመለሰ፣ መስታወቱ ደግሞ መልሶ አስገባው። ብነግርዎ ብነግርዎ።» ዓለማየሁ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልተከራከረም። እኔ ግን ልጁ አምሮበታል፣ ማን ያያታል አልሁ። እውነትም ማንም ልብ አላላትም። እናቱም ፈገግታውን አይተው ደስ ብሏቸው ወሰዱት።

ክረምቱ ሲወጣ ልሳነወርቅ ለዘመድ ጉዳይ ወደ አባይ ቆላ ወረደ። ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ ሳምንትም አልቆየ። እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰፈራችን አያውቅም። እትዬ ያልጋነሽ ከልቅሶው በኋላ ዝም አሉ፤ እህል አሻፈረኝ አሉ። ጎረቤቱ ተራ ገብቶ እያጎረሰ ይለምናቸዋል፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔ ሁለተኛ ቀብር ነው የምንጠብቀው ብዬ ነበር።

በተዝካሩ ቀን ፎቶውን ከሳጥን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ስንዱ፣ ነይ እስቲ እይ» አሉኝ። ከወር በላይ ሰው በስሙ ጠርተው አያውቁም። ጣታቸውን መጀመሪያ እጁ ላይ፣ ቀጥሎ ከራሱ አጠገብ አደረጉ። «በእጁ የያዛት የእኔ ጧፍ ናት፣ እኔ ነኝ የሠራኋት። ይህችንስ ማን ለኮሰለት?»

እንጃ አልሁ። «ብቻውን አልሄደም» አሉ። ያን ቀን እህል ቀመሱ። ፎቶውን በመስታወት ክፈፍ አስገብተው ከመደባቸው በላይ ሰቀሉት፤ ጠዋት ሲነሱ ለእሱ እግዜር ይመስገን ይላሉ፣ ሰሙንም ማቅለጥ ጀመሩ። ወሬው ተሰማና ሰው እየመጣ ያይ ጀመር። የደብሩ የኔታም መጡ። ፎቶውን አየት አድርገው «የምታጽናናዎ ከሆነች ትኑር፤ ታቦት ግን አያድርጓት» ብለው ሄዱ፤ ወሬውም በዚያው ቀዘቀዘ።

ዓለማየሁ ግን ተጨነቀ። «ልንገራቸው ወይ?» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«መስታወቱ ነው ብዬ ነዋ።»

«ንገራቸውና ነገ ጠዋት እህል የምታቀምሳቸው አንተ ነህ» አልሁት። እሱም ተወው። እኔ ያን ጊዜ ያልሁትን ዛሬም እለዋለሁ፤ የተራበ ሰው ፊት ትምህርት አይቀርብም። ታደለ ግን ሞጣ ነው፤ የፎቶውን ወሬ አልሰማም፣ እኛም አንስተንለት አናውቅም።

ዓመታት አለፉ። የዓለማየሁን ዓይን ሞራ ጋረደው፤ ጨለማ ክፍሉን ዘጋ፣ ደንበኛው ወደ አዲሶቹ ፎቶ ቤቶች ሄደ። አንድ ክረምት የእትዬ ያልጋነሽ ጣራ አፈሰሰና ውሃው በክፈፉ ውስጥ ገባ። ፎቶው ከመስታወቱ ተጣብቆ፣ ሲያላቅቁት የልጁ ፊት መስታወቱ ላይ ቀረ። እትዬ ያልጋነሽ ግን አልተርበደበዱም፤ «ዘሩ እናንተ ዘንድ አለ አይደል?» አሉን። ነጌቲቩን ማለታቸው ነው። አለ። ዓለማየሁ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጥ ነበርና አገኘነው፤ ወደ ሞጣ ለሚሄድ ሹፌር ሰጥቶ «ለታደለ ስጥልኝ። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ አሳምሮና አተልቆ ያጥብልኝ በለው» አለው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ያች «አሳምሮ» የምትባል ቃል ምን እንዳመጣች ልንገራችሁ።

ጥሩ ፎቶ አንሺ አሳምር ከተባለ ነጌቲቩ ላይ ይቀመጣል። ብጉር ያጠፋል፣ ጠባሳ ይሞላል፣ የማይገባውን ነጥብ በቀጭን ምላጭ ይፍቃል። ታደለ ደግሞ በዚህ ሥራ ከባሕር ዳር ወዲህ እኩያ አልነበረውም። ፎቶው ከነነጌቲቩ በዚያው ሹፌር እጅ ተመለሰ፤ ትልቅ፣ ጥርት ያለ፣ የልሳነወርቅ ሽፋሽፍት ሳይቀር የሚቆጠር። እትዬ ያልጋነሽ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸው ከራሱ አጠገብ ባዶውን ቦታ ዳሰሰ።

«ይህ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው እትዬ፣ ልሳነወርቅ ነው» አልኋቸው።

«የእኔ ልጅ ብርሃን አለው። ይኸ ብቻውን ነው የቆመው።» ፎቶውን መልሰው ሰጡኝና ወደ ቤታቸው ገቡ። ዓለማየሁ ነጌቲቩን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ያዘው፣ ዓይኑ እምቢ ሲለው ለእኔ ሰጠኝ። ያች ቦታ ተፍቃለች። ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አትመለስም። እትዬ ያልጋነሽም በማግሥቱ ከመደባቸው አልተነሱም፤ ይዤላቸው የሄድሁት ምሳ ሳይነካ ማታ ተመለሰልኝ። ፊታቸውን እንደ ያኔው ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

በበነጋው ሁለታችን ወደ ሞጣ ተሳፈርን።  ታደለ ሲያየን ደስ ብሎት «ወደዳችሁት?» አለ። ነገሩን ሁሉ ስንነግረው ከሥሩ ያለውን በርጩማ በእጁ እየፈለገ ተቀመጠ። «አንድ ቃል፣ እታለም» አለኝ፤ «አንድ ቃል ብትነግሩኝ። እኔኮ ለጋሼ ክብር ብዬ ነው የፋቅኋት። ሥራው ላይ እንከን እንዳይታይ ብዬ።» ዓለማየሁ ትከሻውን ያዘው። ሁለቱም እንዲያ ሆነው ሲቆዩ፣ እኔ ውጭ ወጥቼ የሞጣን ገበያተኛ ሳይ ቆየሁ።

ስመለስ ታደለ «በቀለም ነጥብ ላድርግላት፣ ማንም አይለያትም» ይላል። ዓለማየሁ «በእጅ የተቀባ ብርሃን ለእሳቸው አልሰጥም» ይላል። ከዚያ ወንድሜ ድንገት ቀና ብሎ «መስታወቱ አለ?» አለ። ያ ዕድሜ ልኩን የጠላው መስታወት። «ንጹሑን ፎቶ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። እውነተኛ ጧፍ ለኩሰን ልክ በፎቶው ጧፍ ፊት እናቆማለን። መስታወትዎን ገጥሜ መልሼ ባነሳው፣ ሁለተኛዋ ራሷ ወደ ቦታዋ ትመጣለች።» ዓለማየሁ አሰበበትና «ትመጣለች» አለ። እኔ ግን «እሳቸው ባሉበት ካልሆነ አይደረግም» አልሁ። አሁንስ ከእሳቸው ተደብቀን ብርሃን ልንሠራ ነው? ሁለቱም ፈሩ፤ ግን አልተቃወሙኝም።

እትዬ ያልጋነሽን ከመደባቸው ማስነሳት ቀላል አልነበረም። «ታደለ ልጅዎን ሊመልስልዎ ይሞክራል፣ ግን ዓይንዎ እያየ ነው» ብዬ ነው ያስነሳኋቸው። አንድ ጧፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ተሳፈሩ። ሞጣ ስንደርስ እኩለ ቀን ነው። ታደለ መስኮቱን በብርድ ልብስ ከልሎ፣ ፎቶውን ጥቁር ጨርቅ ላይ ሰቅሎ ጠበቀን። ዓለማየሁ መስታወቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ ታደለ በገዛ ካሜራው ላይ ጠመዘዘው። የሁለቱም ዓይን በዚያች ቅጽበት ሲገናኝ አይቻለሁ፤ ማናቸውም አልቀለዱም።

እኔ ጧፉን ለኩሼ በልሳነወርቅ እጅ ፊት ያዝሁ። እትዬ ያልጋነሽ በካሜራው ማያ ቀዳዳ አጎንብሰው አዩ። ታደለ ካሜራውን ቀስ እያለ አዞረው። «ቁም» አሉት። እስትንፋሳቸው ሲቆም ሰማሁ። «መጣች» አሉ።

ያኔ ዓለማየሁ ያን ሁሉ ዓመት የያዘውን ተናገረ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ያኔም ይኸው ነበር። እጁ ላይ ያለው እሳት በዚህ መስታወት ተመልሶ ነው። ይዩት» አለና ታደለን ጠቀሰው። ታደለ መስታወቱን አወለቀ። «አሁንስ?» «የለችም» አሉ እትዬ ያልጋነሽ። መልሶ ጠመዘዘው። «አሁን?» «አለች።» ደግሞ አወለቀ። እትዬ ያልጋነሽ ቀና አሉ። ፊታቸውን ማየት ፈራሁ። የጧፉ ሰም ጣቴ ላይ ይንጠባጠባል። ታደለ መስታወቱን በመዳፉ ይዞ እንደቆመ ቀረ፤ መልሶ ይግጠመው ወይስ ይተወው፣ አላወቀም።

«እንግዲያ ሁለቱም ጧፎች የእኔ ናቸው በሉኛ» አሉ እትዬ ያልጋነሽ።   ወደ ልጃቸው ፎቶ አዩ፣ ወደ ታደለ እጅ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ጧፉን ከእጄ ተቀበሉና በልሳነወርቅ ፊት አስተካክለው ያዙት።

«መስታወቱን ግጠመው ልጄ» አሉት። «ከእንግዲህ እኔ እይዝለታለሁ።»